የዕድሜ «ጣሪያ»፦ ሲክል ሴል ያለባቸውን አዋቂዎች ዕድሜ ስንለካ የምንሳሳተው የቱ ላይ ነው?

ዜና ላይ «የዕድሜ ጣሪያ» ሲባል ትሰማላችሁ። ሰው በአማካይ የሚኖረውን ዕድሜ ለማለት ነው። ቃሉን አልወደውም። ጣሪያ አይታለፍም፣ ይህ ቁጥር ግን ይታለፋል።

ሲክል ሴል ከእናትም ከአባትም የሚወረስ የደም ሕመም ነው። ቀይ የደም ሕዋሶች እንደ ማጭድ ይጎብጡና ደም ስር ይዘጋሉ። በ1994 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) አሜሪካ ውስጥ የወጣ ትልቅ ጥናት፣ ኤስ ኤስ የሚባለው ዓይነት ላለባቸው ወንዶች 42፣ ለሴቶች 48 ዓመት የሚል ቁጥር አወጣ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ቀጠሮ ቀን ያነበዋል። ስህተት ነው። ቁጥሩ መሃል ላይ ያለው ነው፤ ግማሹ ሰው ያልፈዋል።

ሁለተኛው ስህተት ሁሉንም የሲክል ሴል ዓይነት መቀላቀል ነው። በዚያው ጥናት ኤስ ሲ ለሚባለው ዓይነት ቁጥሩ ለወንዶች 60፣ ለሴቶች 68 ነበር። ዓይነቱን ሳይጠይቁ ቁጥር መጥራት ትርጉም የለውም።

ሦስተኛው ስህተት የድሮ ቁጥር ለዛሬ ሰው መስጠት ነው። ሃይድሮክሲዩሪያ የሚባለው የሲክል ሴል መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ለአዋቂ ሕሙማን የተፈቀደው በ1998 ነው፤ ያ ጥናት ከወጣ በኋላ ማለት ነው። ለንደን ውስጥ የአንድ ሆስፒታል ሕሙማንን ተከታትሎ በ2016 የወጣ ጥናት ደግሞ መካከለኛውን ዕድሜ 67 አድርሶታል። ይህንንም ቢሆን ጥሩ ክትትል ወደሌለበት አገር አንስቶ መውሰድ አያስኬድም።

ሰው የማያስተውለው ስህተት የሞቱትን ብቻ መቁጠር ነው። አሥር ሕሙማን አሉ እንበል። ሦስቱ በ20፣ በ30 እና በ40 ዓመታቸው ሞቱ። አማካዩ 30 ነው፤ ወረቀት ላይ ይጻፋል፣ ቤተሰብም ይደነግጣል። ሰባቱስ? በሕይወት አሉ፣ አንዷ እንዲያውም 65 ሞልቷታል! እሷ ስሌቱ ውስጥ የለችም። በሕይወት ያሉትንም እስካሁን በኖሩት ዕድሜ ልክ ስሌቱ ውስጥ የሚያስገባ ዘዴ አለ፣ እሱን መጠቀም ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው ከልደት የተሰላውን ለአዋቂ መስጠት ነው። በሕፃንነት የሚሞቱት አማካዩን ወደ ታች ይጎትቱታል። 40 ዓመት የሞላው ሰው ግን ያንን አልፏል፤ ለእሱ የሚጠቅመው 40 ከደረሱት መካከል ስንቱ 50 እና 60 ይገባል የሚለው ነው። ተቃራኒውም ይከሰታል። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ሕፃናት ሳይመረመሩ ይሞታሉ። ክሊኒክ የሚመጡትን አዋቂዎች ብቻ የቆጠረ ሰው ሁኔታው ደህና ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል።

ዓመት ብቻ መቁጠርም አይበቃም። በ2019 አሜሪካ ውስጥ የወጣ በስሌት የተሠራ ግምት፣ ሕመሙ ያለባቸውን 54፣ የሌለባቸውን 76 ዓመት አደረጋቸው። የኑሮው ጥራት ሲገባበት ግን 33 እና 67 ሆነ። ልዩነቱ ከ22 ወደ 34 ሰፋ። ሕመሙ ሲነሳ የሚታጣው እንቅልፍ፣ የሚቀረው ሥራ፣ የሚሰረዘው ሠርግ ነው ይህን ልዩነት ያሰፋው። ለዚህ ነው አዋቂ ሕሙማንን ስለ ሕመም፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ መገጣጠሚያ መድረቅና ስለ ስሜታቸው የሚጠይቁ መጠይቆች የተዘጋጁት።