ስጋጃውን መጀመሪያ ገልብጡት

የፒያሳ ነባር ቤቶች መፍረስ ከጀመሩ ወዲህ ከአያት ቤት የወጣ ስጋጃ እያሳየ «ይሄ ነገር ዋጋ ያወጣል?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። አንዳንዱ የካውካሰስ ነው ተብሎ የተቀመጠ ነው። ከመሸጣችሁ በፊት ራሳችሁ ልታዩት የምትችሉት ብዙ ነገር አለ።

ፊቱን ተዉትና ገልብጡት። በእጅ የተሠራ ከሆነ ሥዕሉ ጀርባውም ላይ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ምክንያቱም ቀለሙ ሁሉ አንድ በአንድ ድሩ ላይ የተቋጠረ ክር ነው። ጀርባው በሙጫ ጨርቅ የተለጠፈበት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ የተቋጠረ አይደለም፣ አትድከሙ። ከዚያ ዘርፉን እዩ። እንደ ጋቢ ዘርፍ የድሩ ጫፍ ራሱ መሆን አለበት። በስፌት የተቀጠለ ከሆነ ያጠራጥራል፣ ግን ያረጀ ስጋጃ ዘርፉ አልቆ ሊቀየርለት ስለሚችል በዚህ ብቻ አትፍረዱ። ከፊቱ አንዲት ፍንጣሪ ክር ነቅላችሁ ለኩሱ፦ የበግ ጠጉር እንደ ጸጉር ሸቶ ዱቄት ይሆናል፣ ሰው ሠራሹ ደግሞ ይቀልጥና ጠጣር እንክብል ይሆናል።

አሁን ወደ ሥዕሉ። የካውካሰስ ስጋጃ፣ ማለትም የአርመን፣ የአዘርባጃን፣ የጆርጂያና የዳግስታን ሥራ፣ ከአበባ ይልቅ ማዕዘን ያለው ቅርጽ ይበዛዋል። ኮከብ፣ መንጠቆ፣ አንዳንዴ ጥግ ላይ ብቻዋን የቆመች ፍየል ወይም ዶሮ። እኛ አገር ሽሮ ሜዳ ሸማው ላይ የሚቀመጠው በአብዛኛው ወንድ ነው፤ እዚያ ስጋጃውን ሲቋጥሩ የኖሩት በብዛት ሴቶች ናቸው፣ ጥለቱም ከእናት ወደ ልጅ ነው የሚሄደው። የአዘርባጃን ስጋጃ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

ካዛክ የሚባለውን ስትሰሙ ካዛክስታን አይምሰላችሁ፣ በምዕራብ አዘርባጃን ያለች ከተማና የአካባቢዋ ስም ነው። የተራራ አገር ሥራ ስለሆነ ጠጉሩ ረዘም ይላል፣ ቅርጹ ትልልቅ፣ ቀዩና ሰማያዊው ደማቅ ነው። ማጉም ብዙ ጊዜ ቀይ የተነከረ ነው፣ ጀርባውን ፈልቀቅ አድርጋችሁ እዩ። ወደ ካስፒያን ባሕር ስትጠጉ ሽርቫንና ኩባ (ደሴቷ አገር ሳትሆን የአዘርባጃኗ) አሉ፣ የእነሱ ስጋጃዎች ቀጭንና ጠጉረ አጭር ናቸው።

እኔን በጣም የሚማርከኝ ቀን የተጻፈበት ነው። ብዙ ጊዜ በዐረብኛ አኃዝ የሂጅራ ዓመት ነው። ١٣٢٢ ቢል 1322 ማለት ነው። ለ33 አካፍሉት፣ 40 ይመጣል። 40ን ቀንሱ፣ 622 ደምሩ፦ እ.ኤ.አ. 1904፣ በእኛ 1896 ወይም 1897። ግን ተጠንቀቁ። የዐረብኛ 3 አንድ ጥርሷ ብትነሣ 2 ትሆናለች፤ ጥቂት ቋጠሮ ቀይሮ 1322ን 1222 ማድረግ፣ ስጋጃውንም በአንድ ምዕት ዓመት ማስረጀት የታወቀ ማጭበርበሪያ ነው። በዚያ ቦታ ክሩ አዲስ ከመሰለ አትመኑ። ጽሑፉ የእኛን ፊደል የሚመስል ከሆነ ደግሞ አርመንኛ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ የአርመን ማኅበረሰብ ያላት ከተማ ናት፣ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ ልጆችም የገቡት እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። ይሄ ብቻውን ግን ለስጋጃችሁ ምስክር አይሆንም፣ ምስክሩ ጀርባው ነው።

ለማቆየት ደግሞ፣ እባካችሁ ሽቦ ላይ ሰቅላችሁ በዱላ አትደብድቡት። አሮጌ ድር ይበጠሳል። በረኪና በፍጹም። ለማጠብ ከማሰባችሁ በፊት ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ እያንዳንዱን ቀለም ቀስ ብላችሁ እሹት፤ ጨርቁ ከቀላ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ውኃ አታስነኩት። ክረምት ላይ እርጥብ ግድግዳ ሥር አታስቀምጡት። ማንሳት ካለባችሁ አታጥፉት፣ ጠቅልሉት፣ በየሁለት ወሩም ዘርግታችሁ አናፍሱት። ብል የሚወደው ጨለማና ማንም የማይነካውን ቦታ ስለሆነ፣ አልጋ ሥር ለዓመታት የተረሳውን ዛሬውኑ አውጡት።