አበባን በሸራ ላይ ሲስሉ የሚያጋጥሙ ችግሮች፣ መንሥኤያቸውና መፍትሔያቸው

አበባ የሚስል ሰው ሥራው አልሳካ ሲለው አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የታየበትን ቦታ ደጋግሞ ይቀባል። ይሁን እንጂ ጉድለቱ የሚታይበት ቦታና የሚነሣበት ቦታ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው፤ በአበባው ላይ ለታየው ጭቃማ ቀለም መነሻው የብሩሽ ማጠቢያው ውሃ፣ ለተላጠው ቀለም መነሻው ደግሞ ሸራው ገና ባዶ ሳለ የተደረገለት ዝግጅት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሚከተሉት ችግሮች ሁሉ መፍትሔው የሚፈለገው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሶ ነው። ምሳሌዎቹ የተወሰዱት ከፒያሳ እስከ ስድስት ኪሎ ባለው የአዲስ አበባ መሐል በቤቱ ወይም በተከራየው ክፍል የሚስል ሰው ከሚያገኛቸው አበቦች፣ ብርሃንና ዕቃዎች ነው።

ቢጫው አበባ ጥላው ላይ አረንጓዴ ይሆናል

በመስከረም አደይ አበባ ለመሳል የሞከረ ሰው ይህን ችግር ሳያገኘው አይቀርም። ጥላ ያረፈበትን ክፍል ለማጨለም ቢጫው ላይ ጥቂት ጥቁር ሲጨመር ቀለሙ ወደ ደብዛዛ አረንጓዴ ይለወጥና አበባው የጠወለገ ይመስላል። ምክንያቱ አብዛኛው ጥቁር ቀለም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ መሆኑ ነው፤ ከቢጫ ጋር ሲገናኝም እንደ ሰማያዊ ይሠራል። መፍትሔው ጥቁሩን ከፓሌቱ (ቀለም ከሚቀላቀልበት ሰሌዳ) ላይ ጨርሶ ማንሣት፣ ለቀላሉ ጥላ ኦከር የተባለውን አፈር መሳይ ቢጫ፣ ለጠለቀው ጥላ በርንት ሳይና የተባለውን ቀላ ያለ ቡናማ መጠቀም፣ ድምቀቱን ማብረድ ሲያስፈልግም በብሩሽ ጫፍ ብቻ ወይን ጠጅ ቀለም መጨመር ነው።

ከዚያ በፊት ግን በእርግጥ ጥላ መኖሩን ማረጋገጥ ይገባል። አንድ የአደይ አበባ ዘለላ ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርገው ቢመለከቱ፣ ሁለት የአበባው ቅጠሎች በተደራረቡበት ቦታ ብርሃኑ በሁለቱም ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ ቀለሙ ከመጨለም ይልቅ ወደ ብርቱካናማ ጠልቆ ያዩታል። ብዙ ሰው ይህን ቦታ ጥላ ነው ብሎ ያጠቁረዋል፤ የሚያስፈልገው ግን የሞቀ ቢጫ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ቢጫውን ይበልጥ ለማድመቅ ነጭ መጨመር ቀለሙን ያገረጣዋል። ቢጫ የሚደምቀው በዙሪያው ባለው ቀለም ስለሆነ፣ ከአበባው በፊት የኋላውን መደብ ወደ ወይን ጠጅ ባዘነበለ ግራጫ መሸፈን ነጭ ከመጨመር እጅግ የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

ወይን ጠጁ ቡናማ፣ ሮዙም የጡብ ቀለም ሆኖ ይቀራል

የጃካራንዳን አበባ ለመሳል ቀይና ሰማያዊ የቀላቀለ ሰው ቡናማ ነገር ሲያገኝ ቀለሙ ጥራት የሌለው ይመስለዋል። እንደ ካድሚየም ቀይ ያሉ ቀዮች ወደ ብርቱካናማ ስለሚያደሉ በውስጣቸው የቢጫ ጠባይ አለ፤ ሰማያዊ ሲጨመርባቸው ሦስቱም መሠረታዊ ቀለሞች ይገናኙና እርስ በርስ ይገዳደላሉ። ለወይን ጠጅም ሆነ ለሮዝ ጽጌረዳ መነሻው ማጀንታ ወይም ሌላ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀይ መሆን አለበት። ከእነዚህ ቀዮች አንዱ የሆነው አሊዛሪን ክሪምሰን የመጀመሪያው ዓይነት በብርሃን ስለሚደበዝዝ፣ ቱቦው ላይ የብርሃን መቋቋም ደረጃው የተጻፈለትን መምረጥ ያዋጣል። ትክክለኛው ቀለም ተመርጦም ጭቃማነቱ ካልቀረ ውሃውን ይመልከቱ፤ አንድ ማሰሮ ለማጠቢያ፣ ሌላው ለማቅጠኛ ተለይቶ መቀመጥ አለበት።

አበባው ሸራው ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይመስላል

ይህ ከሁሉም ችግሮች ሥር የሰደደው ነው። አብዛኞቻችን የመጀመሪያውን አበባ የሳልነው ለእንቁጣጣሽ፣ ለዘመድና ለጎረቤት ልንሰጥ በወረቀት ላይ ነው፤ መሐሉ ክብ፣ ዙሪያው እኩል ቅጠል፣ ፊቱም ሙሉ በሙሉ ወደ ተመልካቹ የዞረ አበባ። ያ ሥዕል ለበዓሉ የተወደደ ነው፤ እጃችን ግን አበባን በዚያ ቅርጽ ስለለመደው ዓይናችን ሌላ ነገር እያየ እንኳ ያንኑ ይደግማል።

መፍትሔው ቀለም ሳይነካ ይጀምራል። መጀመሪያ እያንዳንዱን አበባ እንደ ስኒ ወይም እንደ ዝርግ ሳህን ቆጥረው አፉን ብቻ ይሳሉ፤ አበባው ዘወር ባለ መጠን ክቡ እየጠበበ ወደ ሞላላ ይሄዳል። በዚህ ሞላላ ውስጥ ወደ እርስዎ የሚመጡትና ከእርስዎ የሚርቁት ቅጠሎች ያጥራሉ፣ በግራና በቀኝ ያሉት ግን ርዝመታቸውን ይጠብቃሉ። ከዚያ ግንዱን በአበባው ውስጥ እንደሚያልፍ መስመር አድርገው እስከ መሐሉ ያስቡት፤ የሁሉም ቅጠሎች ሥር ወደዚያ ነጥብ ካልሄደ አበባው ከግንዱ የተቆረጠ ይመስላል። ለጽጌረዳ ደግሞ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ መቁጠር አይረዳም፤ ስኒውን ካስቀመጡ በኋላ የብርሃኑንና የጥላውን ትልልቅ ክፍሎች ብቻ መለየት፣ ዝርዝሩንም ለመጨረሻ ማቆየት ይሻላል።

ቅርጹ ትክክል ሆኖም አበባው ጠፍጣፋ ከሆነ ብርሃንና ጥላው አልተለየም ማለት ነው። ሥዕሉን በስልክዎ ጥቁርና ነጭ አድርገው ፎቶ ያንሡት፤ አበባውና መደቡ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ከታዩ የቀለም ልዩነት ብቻውን አያድነውም። በርንት አምበር የተባለውን ጠቆር ያለ ቡናማ አቅጥኖ መላውን ሥዕል በአንድ ቀለም መጀመር ይህን ችግር ከሥሩ ያስቀረዋል። የጠርዞቹም ነገር ሊታሰብበት ይገባል፤ ሁሉም ጠርዝ ስለታም ከሆነ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል፤ ስለዚህ ከአንድ ወይም ከሁለት አበባ በቀር የሌሎቹን ጠርዝ በደረቅ ብሩሽ ከመደቡ ጋር ማዋሐድ ጥሩ ነው።

ነጭ አበባ ኖራ የተቀባ ይመስላል

ቀጋን የመሰለ ነጭ አበባ ሲሳል ነጩ ቀለም ከመጀመሪያው በሁሉም ቦታ ስለሚዳረስ ለብርሃኑ የሚቀር ነገር የለም። የአበባውን አብዛኛውን ክፍል በቀላል ግራጫ፣ በመስኮቱ በኩል ትንሽ ሰማያዊ፣ ከአረንጓዴው ቅጠል አጠገብ ትንሽ አረንጓዴ እየነካኩ ይሥሩ፤ ንጹሑን ቲታኒየም ነጭ ብርሃኑ በቀጥታ ለሚያርፍበት ጫፍ ብቻ ያስቀሩት።

ሥዕሉ ሳያልቅ ጥላው ቦታ ይቀይራል

የአውሮፓ መጻሕፍት ሰዓሊ በሰሜን በኩል መስኮት ያለው ክፍል እንዲይዝ ይመክራሉ፤ እዚያ ፀሐይ በእኩለ ቀን ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ስለምትሆን በሰሜኑ መስኮት የሚገባው ብርሃን የተረጋጋ ነው። አዲስ አበባ ግን የምትገኘው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ድረስ የእኩለ ቀኗ ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ምክሩን በቃሉ የተከተለ ሰው በግንቦት የጠራ ቀን የሰሜን መስኮቱ ፀሐይ ሲያስገባበት ግራ ይጋባል። እዚህ የሚያዋጣው መስኮቱን በስስ ነጭ ጨርቅ መጋረድ፣ ወይም በአንድ የተወሰነ ሰዓት የጀመሩትን ሥራ በማግሥቱም በዚያው ሰዓት መቀጠል ነው። የተቆረጠ አበባ ራሱ ስለሚፈካና ወደ ብርሃን ስለሚዞር፣ አበባው አስቀድሞ፣ ማስቀመጫውና ጠረጴዛው በኋላ ይሳሉ። ማታ የሚሠራ ሰው የብርሃን ቀለም መለኪያው 5000 ኬልቪን ገደማ የሆነ ነጭ አምፖል ይጠቀም፤ በቢጫ አምፖል ሥር የተመረጠ ቢጫ ቀን ሲታይ ሌላ ቀለም ነው።

አክሪሊኩ ሲደርቅ ይጠቁራል፣ ፓሌቱም ላይ ይደርቃል

በውሃ የሚቀጥነው የአክሪሊክ ቀለም ማጣበቂያ እርጥብ ሳለ ወተት መሳይ ሆኖ ሲደርቅ ጥርት ስለሚል ቀለሙ ትንሽ ይጠቁራል፤ የተቀላቀለውን በወረቀት ላይ ሞክረው እስኪደርቅ ይጠብቁ። በበጋው ደረቅ አየር ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ፣ በላዩም የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት አንጥፎ ቀለሙን በዚያ ላይ ማስቀመጥ ለሰዓታት ያቆየዋል። ቅዝቃዜም የራሱ ጣጣ አለው፤ አክሪሊክ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በደንብ ስለማይያያዝ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ሌሊት ወይም ማለዳ ከመቀባት ይልቅ ክፍሉ እስኪሞቅ መታገሥ ይገባል።

ቀለሙ ይሰነጠቃል ወይም ቅርፊት ሆኖ ይነሣል

በዘይት ቀለም ሥራ መንሥኤው አብዛኛውን ጊዜ የንብርብሩ ቅደም ተከተል ነው። ዘይት የበዛበት ቀለም ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ከላዩ የቀጠነው ቀድሞ ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ንብርብር በተርፐንታይን የቀጠነ፣ የኋለኞቹ ዘይት የሚጨመርባቸው ይሁኑ። በደረቀ አክሪሊክ ላይ የዘይት ቀለም መቀባት ይቻላል፤ በዘይት ላይ አክሪሊክ ግን አይያዝም።

ቀለሙ ከነሥሩ የሚነሣ ከሆነ ጥፋቱ የሸራው ነው። ወጪ ለመቆጠብ አቡጀዲ ወጥረው ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የተገዛ ጄሶ የሚቀቡ አሉ፤ ያ ጄሶ ለግድግዳ የተሠራ ደረቅ ነገር ስለሆነ ጨርቁ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይሰነጠቃል። አቡጀዲ ራሱ መጥፎ አይደለም፤ ፋብሪካ የቀባው ስታርች እንዲለቅ አስቀድመው ይጠቡት፣ ሲደርቅ ይወጥሩት፣ በውሃ የቀጠነ ነጭ የእንጨት ሙጫ አንድ ጊዜ ከቀቡት በኋላ ለሸራ የተዘጋጀውን የአክሪሊክ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቅብ) ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በየመካከሉ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት እያሹ ይቀቡት። በላዩ የዘይት ቀለም የሚመጣ ከሆነ ቢያንስ 3 ቀን ይድረቅ። ቅርፊት ማንሣት የጀመረ ሥዕልን በሙጫ ለማጣበቅ መሞከር የሚያዋጣ አይደለም፤ ፎቶ አንሥቶ ካስቀሩ በኋላ በአዲስ ሸራ መጀመር ይሻላል።