«አገው» ስትሉ የቱን ማለታችሁ ነው? በአንድ ስም ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

እንጅባራ ውስጥ ትንሽ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ቅጽ እሞላለሁ፣ የሠርግ ጥሪ አትማለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ መጣ። የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «የአገው ሕዝብ በአገው ምድር የሚኖር፣ አገውኛ የሚናገር ሕዝብ ነው።»

«ወንድሜ፣ የትኛው አገው?» አልኩት።

«እንዴ! አገው ነዋ።»

ልጁ አላጠፋም። ግን አንዱን ስም ሦስት ቦታ አስቀምጦታል፣ ሦስቱም ቦታ ላይ ልኩ ይለያያል። ሰው ሲጠራበት ሰፊ ነው። መሬት ሲጠራበት ጠባብ ነው። ቋንቋ ሲጠራበት ደግሞ ከአንድ በላይ ነው። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

አገው የጎጃም ብቻ ነው ማለት

ይሄን የምንሠራው በብዛት እኛው ጎጃሜዎች ነን። የቤታችንን አይተን ሌላ የለም እንላለን። ሰቆጣና አካባቢዋ ያሉት ኽምጣዎች አገው ናቸው። በጎንደር በኩል ያሉት ቅማንቶች ከዚሁ ቤተሰብ ይቆጠራሉ። ኤርትራ ውስጥ ከረን አካባቢ ያሉት ብሌኖችም እንደዚያው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ግሽ ዓባይ ሲደርስ እንኳ የዳሞቱን አገውና የላስታውን አገው ለይቶ ነው የጻፈው። ፈረንጅ በበቅሎ መጥቶ የለየውን እኛ ስልክ ይዘን እንቀላቅለዋለን።

ተያይዞ የሚመጣ ሌላም አለ። የዛግዌ ነገሥታት የአገው ሥርወ መንግሥት ናቸው ሲባል ከዚህ ከእንጅባራ አካባቢ፣ ከባንጃ ተነሥተው የሄዱ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። መሠረታቸው ላስታ ነው።

«አገውኛ» ብሎ ማለፍ

አንድ ቀን የሰቆጣ ልጅ የሆነ የከባድ መኪና ሾፌር ንግድ ፈቃዱን ኮፒ ሊያስደርግ ገባ። ጎረቤቴ እማማ ደግሞ የዕድር ወረቀት ይዘው ተቀምጠዋል። «እማማ፣ እሱም እኮ አገው ነው» አልኳቸው። ደስ አላቸውና በራሳቸው ቋንቋ ሰላምታውን ለቀቁት። ልጁ ፈገግ ብሎ ዝም አለ። ከዚያ እሱ በኽምጣኛ መለሰ። አሁን ዝም የማለት ተራው የእማማ ሆነ። ጣታቸውን እየቆጠሩ፣ ወደ አፋቸው እየጠቆሙ ትንሽ ሞከሩ። ውሃ ላይ ሲደርሱ የሁለቱም ቃል ተቀራረበና ሳቁ። የቀረውን በአማርኛ ጨረሱት። «ልጄ፣ ዘመድ ነህ፣ ግን አልሰማህም» አሉት።

ነገሩ ይኸው ነው። የእኛ የጎጃም አገዎች፣ የአዊዎች ቋንቋ አዊኛ ነው። ኽምጣኛ፣ ቅማንትኛና ብሊን የአንድ አያት ልጆች ናቸው፣ አዊኛ ግን ከሁሉም ራቅ ብሎ የወጣው ነው። ስለዚህ «አገውኛ ይናገራል» ብላችሁ ከጻፋችሁ አንባቢው ሰቆጣ ይሂድ እንጅባራ አያውቅም። አስተርጓሚ የምትቀጥሩ ከሆነማ ስህተቱ በገንዘብ ነው የሚቆጠረው።

የአማርኛ ዘዬ ነው የሚሉም አይጠፉም። አይደለም። አዊኛ ኩሻዊ ነው፣ አማርኛ ሴማዊ። የሚመሳሰሉት አብረው ስለኖሩ ነው።

«አውጊ» ብሎ መጻፍ

አዊኛ በራሱ ስም አውጚ ነው። ፊደሏን ልብ በሉ፣ «ጊ» አይደለችም፣ «ጚ» ናት። ድምፁ በአፍንጫ የሚወጣ ነው። «እንግዳ» ስትሉ ከ«ግ» በፊት ያለችውን «ን» አስቡ፣ እሷን ለብቻዋ ያዟት። አማርኛ ራሱን የቻለ ፊደል አልሰጣትም፣ አውጚ ግን ያስፈልገዋልና ከ«ገ» የተበጀው የ«ጘ» ዘር አለው። በእኛ በአዊ ዞን የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በዚህ ፊደል ይማራሉ። ብዙ ስልክ ላይ ግን ለመጻፍ ፍለጋ ይጠይቃል። ሰው ይሰለቸውና «ጊ» ብሎ ያልፋል። በአማርኛ ስትጽፉ ካስቸገራችሁ «አዊኛ» በሉ፣ ማንም አይቀየማችሁም።

ሕዝቡን ቆጥሮ ቋንቋውን እንደቆጠሩ ማሰብ

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የአዊ ዞን ሕዝብ 982,942 ነበር። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶ ያህሉ ብሔሩን አዊ ብሎ አስመዝግቧል። አዊኛን አፍ መፍቻው ያደረገው ግን 45 በመቶ ገደማ ነው። በመሃል ያለው ሰው የት ሄደ? የትም አልሄደም፣ አንዱ እኔ ነኝ። እናቴ በአዊኛ ትቆጣኛለች፣ እኔ በአማርኛ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቅጽ ላይ «ብሔር» እና «ቋንቋ» ለየብቻ የተቀመጡት ለዚህ ነው። አንዱን አይታችሁ ሌላውን አትሙሉ። እኔ ራሴ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ደንበኛውን ሳልጠይቅ ሞልቼ ሁለት ጊዜ ተቆጥተውኛል። ሲያንሰኝ ነው።

የድሮውን ካርታ በአዲሱ ማንበብ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ሰው ያንከራትታል።

አገው ምድር የጎጃም አውራጃ ነበር፣ ዋና ከተማው ዳንግላ። የዛሬው አዊ ዞን ዋና ከተማ እንጅባራ ነው፣ አሮጌ ወረቀት ላይ ኮሶበር ተብላ የምታገኟት። አገው ምድርና አዊ ዞን ይደራረባሉ እንጂ ወሰናቸው አንድ አይደለም። ለምን? ቻግኒን ተመልከቱ። ቻግኒ ዛሬ አዊ ዞን ውስጥ ናት። በአውራጃ ዘመን ግን የመተከል አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። መተከል የሚለው ስም ዛሬ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ባለው ዞን ላይ ነው ያለው። ስሙ ሄደ፣ ከተማዋ ቀረች።

አንድ አባት የ1970 ዓ.ም. ወረቀታቸውን ይዘው መጡ። አራት ቦታ ታጥፎ መስመሩ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። «ጎጃም ክፍለ ሀገር፣ መተከል አውራጃ፣ ቻግኒ» ይላል። አንድ ቢሮ ውስጥ መዝጋቢው «መተከል» የሚለውን አየና ትውልድ ቦታቸውን ቤኒሻንጉል ጉሙዝ አድርጎ ሞላ። «ጋሼ፣ እርስዎ የሌላ ክልል ነዎት» ተባሉ። «እኔ ከቻግኒ ንቅንቅ ብዬ አላውቅም!» እያሉ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። የማስተካከያ ማመልከቻውን የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። ዓመተ ምህረቱን አይቶ «ያኔ መተከል ምን ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ አንድም ጊዜ ባልተመላለሱ።

ሰባት ቤትን የቦታ ስም ብቻ አድርጎ መያዝ

ሰባቱ የአገው ቤቶች እነዚህ ናቸው፦ ባንጃ፣ አንከሻ፣ ዚገም፣ አዘና፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ መተከል። ካርታ ላይ የምታውቋቸው ስሞች አሉበት። አባቶች ሲያወሩ ግን እነዚህ ሰዎች ናቸው፣ ከላስታ በኩል የመጡ ሰባት ወንድማማቾች። የሰፈሩበት መሬት በስማቸው ተጠራ፣ ዘራቸውም በስማቸው ተጠራ። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ «እኔ ባንጃ ነኝ» ቢሏችሁ የወረዳ አድራሻ እየነገሯችሁ ላይሆን ይችላል። የአባታቸውን ቤት እየነገሯችሁ ይሆናል። ቻግኒ ተወልደው ባንጃ ሊሆኑ ይችላሉ። መተከል ከሰባቱ አንዱ መሆኑን ስታውቁ ደግሞ የእኚያ አባት ንዴት ይበልጥ ይገባችኋል።

ጥር 23፣ በፈረሰኞች በዓል ቀን፣ እንጅባራ ብትገኙ ይሄን በዓይናችሁ ታያላችሁ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የፈረሰኞች ማኅበር ስሙ የሰባት ቤት አገው ነው፣ የአንድ ወረዳም የአንድ ከተማም አይደለም። ያን ቀን ሱቄን አልከፍትም፣ ብከፍትም ከፈረሱ ኮቴ የሚተርፍ ደንበኛ የለም።

ተማሪው ይሄን ሁሉ ቆሞ ሰማኝና ወንበር ሳበ። ዓረፍተ ነገሩን አጠፋው። በምትኩ «በጎጃም የሚኖረው የአዊ ሕዝብ፣ ከአገው ሕዝቦች አንዱ፣ ቋንቋው አውጚ…» ብሎ ጻፈ። አትመን ስናወጣው «ጚ» የነበረችበት ቦታ ላይ ባዶ ሣጥን ወጣ። ማተሚያው አላወቃትም። አርባ ሁለት ገጽ ላይ፣ እኔ ከፊት እሱ ከኋላ እየመጣን፣ ሣጥኖቹን በፍሉድ እያጠፋን በእስክሪብቶ ጻፍናት።