በመካከለኛ ዋጋ ጥሩ ቤዝ ጊታር እንዴት ይመረጣል?

ከሰበታ፣ ከለገጣፎ ወይም ከኮዬ ፈጬ ተነስቶ ቤዝ ሊገዛ መሐል ከተማ የሚወርድ ሰው ግማሽ ቀኑ በታክሲ ሰልፍ ያልቃል። ሱቅ ሲደርስ ደክሞታል፣ እንዳይመሽበትም ይቸኩላል። ስለዚህ ምን እንደምትፈልጉ ከቤት ሳትወጡ ወስኑ።

መጀመሪያ ብሩን ከፋፍሉት። ሁሉንም ጊታሩ ላይ አትጨርሱ፤ ድምፁን ለሚያጎላው አምፕ፣ ለገመድና ለማንገቻ አስቀሩ። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከሆነ ሄድፎን የሚሰካበት ትንሽ አምፕ ይበቃል። የቤዝ ድምፅ ግድግዳ አልፎ ጎረቤት ይደርሳል።

ቀጥሎ ዓይነቱን ምረጡ። የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ፌንደር በ1951 ያወጣው ፕሪሲዥን የተባለ ቤዝ ወፍራምና ቀጥተኛ ድምፅ አለው። በ1960 የመጣው ጃዝ ቤዝ ሁለት ፒክአፕ፣ የክሩን ንዝረት የሚቀበል ማግኔት፣ አለው፤ አንገቱም ከላይ በኩል ቀጠን ስለሚል ለትንሽ እጅ ይመቻል። በመካከለኛ ዋጋ የእነዚህን መልክ ከፈለጋችሁ ፌንደር በረከስ ያለ ዋጋ የሚያወጣውን ስኩየር እዩ። ያማሃና አይባኔዝም ጥሩ አላቸው። ባለ አምስት ክር ለጀማሪ አልመክርም። በዚህ ዋጋ አምስተኛው ክር ብዙ ጊዜ ድምፁ ይልፈሰፈሳል። በዚያው ብር የተሻለ ባለ አራት ክር ታገኛላችሁ።

ባትሪ ይፈልግ እንደሆነም ጠይቁ። አክቲቭ የሚባለው ቤዝ ብዙ ጊዜ በ9 ቮልት ባትሪ ይሠራል። ገመዱ ተሰክቶ ካደረ ባትሪው ያልቃል፣ ከዚያ መዝሙር መሐል ድምፁ ይበላሻል። ባትሪ የማይፈልገው ፓሲቭ ይህ ጣጣ የለበትም።

አሁን ዋናው ነገር፣ አንገቱ። ቀለም አያታልላችሁ፤ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ። ከራሱ በኩል ወደ አካሉ አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ተመልከቱ። ሁለቱ ጠርዞች እኩል ካልሄዱ እንጨቱ ተጣሟል፣ ተዉት። ከዚያ ወፍራሙን ክር በአንድ እጅ አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች፣ ፍሬት ከሚሏቸው፣ የመጀመሪያው ላይ፣ በሌላው አንገቱ ከአካሉ በሚገናኝበት ቦታ ጫኑት። ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ፍሬት ላይ በክሩና በብረቱ መካከል ቢዝነስ ካርድ የሚያሾልክ ክፍተት ካለ ጥሩ ነው። ከበዛ ወይም ጭራሽ ከሌለ አንገቱ ውስጥ ያለው ብረት፣ ትረስ ሮድ የሚሉት፣ ያስተካክለዋል። ያገለገለ ከሆነ ሻጩ የትረስ ሮዱን ብሎን በትንሹ እንዲያዞረው ጠይቁ። አልዞርም ካለ አትግዙ።

መዳፋችሁን በአንገቱ ጠርዝ ላይ አንሸራቱ። የፍሬቶቹ ጫፍ እጅ ከቧጨረ እንጨቱ ደርቋል ማለት ነው። ባለሙያ ሞርዶ ያስተካክለዋል፣ ግን ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ ምክንያት ነው።

ከዚያ ቃኙትና ተጫወቱበት። ፈጣን ነገር ጉድለት ይደብቃል፤ ትዝታን ቀስ ብላችሁ፣ እያንዳንዱን ድምፅ እስኪጠፋ እየጠበቃችሁ ተጫወቱ። በተለይ በቀጭኑ ክር ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ፍሬት ድምፁ ቶሎ ይሞት እንደሆነ አድምጡ። ብዙ ቤዞች እዚያ ትንሽ ይደክማሉ። ጨርሶ የሚሞተውን ግን ማስተካከያ አያድነውም። አስራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫኑ ነካ አድርጋችሁ ምቱ፣ ከዚያ ተጭናችሁ ምቱ። ሁለቱ ድምፆች አንድ መሆን አለባቸው። ቮልዩሙን ስታዞሩ ከተንኳኳ ብዙ ጊዜ አቧራ ነው፣ ቀላል ነገር ነው።

በማንገቻ አንጠልጥላችሁ ለጥቂት ደቂቃ ቁሙ። አራት ኪሎ ገደማ የሚመዝን ዕቃ ነው፣ ፕሮግራም ሲረዝም ትከሻ ይፈትናል። እጃችሁን ስትለቁ አንገቱ ወደ መሬት የሚወርድ ከሆነ ግራ እጃችሁ ከመጫወት ይልቅ ሲደግፍ ይውላል።

በቴሌግራም የምትገዙ ከሆነ ሳትነኩት ቀብድ አትላኩ። ሻጩ "ሌላ ሰው እየጠየቀኝ ነው" ቢላችሁም፣ ይሂድ።

አዲስ ቢሆንም እንኳ ለባለሙያ ወስዳችሁ የክሩን ከፍታ አስተካክሉ። አስራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል ሚሊ ሜትር ቢሆን ለጣት ይመቻል። ክረምት ሲገባና በጋ ሲጀምር አንገቱን እንደገና ፈትሹት፤ እንጨቱ እርጥበት ሲስብና ሲደርቅ ይንቀሳቀሳል።