የኤም.ጂ.ቢን ሞተርና ካምቢዮ እንዴት ማደስ ይቻላል?

ኤም.ጂ.ቢ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 እንግሊዝ አገር አቢንግደን ከተማ የተሠራች ስፖርት መኪና ናት። 1,798 ሲሲ ሞተሯ ውስብስብ አይደለም። የማይቸኩል ሰው ራሱ ሊያድሰው ይችላል።

መጀመሪያ ባትሪውን ንቀሉ። ውሃውንና ዘይቱን አፍስሱ፣ ራዲያተሩን አውጡ። ሞተሩና ካምቢዮው እንደተያያዙ፣ ካምቢዮው ወደ ታች አዘንብሎ፣ በማንሻ ይወጣሉ። ይሄን ያህል ከደከማችሁ ሁለቱንም አድሱ። ፍሪሲዮኑንም አብራችሁ ቀይሩ።

ስትፈቱ ፎቶ አንሱ። ብሎንና ዳዶውን በየከረጢቱ አድርጋችሁ የየት እንደሆነ ጻፉበት። የቢዬላና (ፒስተኑን የሚይዘው ክንድ) የክራንክ ሻፍት (የፒስተኖቹን ግፊት ወደ ዙር የሚቀይረው ዘንግ) ክዳኖች እንዳይቀያየሩ ምልክት አድርጉባቸው።

እዚህ ላይ ዕቃ ለመግዛት እጃችሁ እንዳይቸኩል። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ማሽን ሾፕ ሄዶ ይለካ። ክራንክ ሻፍቱ ተበልቶ ከሆነ ይሞረዳል። ከዚያ በኋላ የሚገባው ብሮንዚና (ዘንጉ የሚያርፍበት ስስ ብረት) በተሞረደው ልክ ወፈር ያለ ነው። ቀድማችሁ የገዛችሁት አይሆንም ማለት ነው። ሲሊንደሩ ከሰፋም ፒስተኑና ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) እንደዚያው በልኩ ይገዛል። የሞተሩንም ዓይነት ለዩ፦ እስከ 1964 የነበሩት ክራንክ ሻፍቱን የሚይዙት በ3 ቦታ ነው፣ በኋላ የመጡት በ5። ዕቃቸው አይገጣጠምም።

ካምቢዮው ራሱ ይናገራል። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ማርሽ እየጮኸ አራተኛ ላይ ዝም ካለ፣ የታችኛውን ዘንግና መርፌ ኩሽኔታዎቹን ተመልከቱ። አራተኛ ማርሽ ኃይሉን በቀጥታ ስለሚያሳልፍ በዚያ ዘንግ ላይ ጫና የለም። እስከ 1967 በተሠሩት ላይ አንደኛ ማርሽ ሲንክሮ (ማርሹ ሳይጮህ እንዲገባ ፍጥነቱን የሚያመሳስለው ክፍል) የለውም፤ መኪናው እየሄደ አንደኛ ስታስገቡ ቢያንቋርር ብልሽት አይደለም።

ከመግጠማችሁ በፊት የዘይት መተላለፊያዎቹን በብሩሽና በአየር አጽዱ። የቀረች ቅንጣት ብረት አዲሱን ብሮንዚና ትፍቃለች። ብሮንዚናውን ዘይት ቀቡ። የክራንክ ሻፍቱን ክዳኖች በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያ ኃይሉን በሚለካ መፍቻ) 95 ኒውተን ሜትር አጥብቁ። እያንዳንዱን ካጠበቃችሁ በኋላ ዘንጉን በእጅ አዙሩት። ከበደ? ፍቱና ምክንያቱን ፈልጉ።

ካምቢዮው ውስጥ የሚገባው የሞተር ዘይት ነው፣ 20ደብሊው-50።

ካንዴላዎቹን ሳትገጥሙ በሞተሪኖ አዙሩ፣ የዘይት ግፊት መለኪያው እስኪነሳ። ከዚያ አስነሱ። ካም ሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) አዲስ ከሆነ ሞተሩን ለ20 ደቂቃ ያህል በደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢ ያዙት፤ በሚኒሞ አትተዉት። ከ800 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱን ቀይሩና የቫልቮቹን ክፍተት እንደገና 0.38 ሚሊ ሜትር ላይ አስተካክሉ።