የጠበበ የአንገት ደም ቅዳን በስቴንት ማስፋት፦ ከዝግጅት እስከ ክትትል

ስትሮክ ወይም አላፊ የማስጠንቀቂያ ምልክቱ ለታየበት ሰው፣ ምልክቱን ባመጣው የአንጎል ወገን ያለው የካሮቲድ ደም ቅዳ (ለአንጎል ደም የሚያደርሰው የአንገት ደም ቅዳ) ጥበት 50 በመቶ ከደረሰ በስቴንት (ውስጡ በሚቀር የብረት መረብ ቱቦ) ማስፋት ይታሰባል። ዕድሜው ከ70 ላለፈ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደም ቅዳውን ከፍቶ የሚያጸዳው ቀዶ ጥገና ይሻላል፤ በዚህ ዕድሜ በተጠማዘዘና በካልሲየም በደረቀ ደም ቅዳ ውስጥ ሽቦ ሲገፋ ፍርፋሪ ተነሥቶ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል።

ደም እንዳይረጋ የሚከላከሉት አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል ከቀናት በፊት አብረው ይጀመራሉ። ይህ ከተዘለለ ስቴንቱ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል።

በዕለቱ ታካሚው እንደነቃ ብሽሽቱ ወይም የእጅ አንጓው ብቻ ይደነዝዛል፤ እያናገሩት የንግግርና የእጅ እግሩን ለውጥ ቶሎ ለማወቅ ይረዳል። ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ከተሰጠ በኋላ ካቴተሩ (ቀጭኑ ቱቦ) በኤክስሬይ እየታየ አንገት ይደርሳል። በቅድሚያ ከጥበቱ ወዲያ ጃንጥላ መሰል ማጣሪያ ይዘረጋል። ከዚያ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር የሆነ ፊኛ መንገዱን ይከፍታል፤ በራሱ የሚለጠጠው ስቴንት ይለቀቃል፤ 5 ሚሊሜትር ገደማ በሆነ ፊኛም ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል። ትንሽ ጥበት ቢቀር አይጎዳም፤ ፍጹም ለማድረግ ፊኛውን አብዝቶ መንፋት ትርፉ ፍርፋሪ ነው። ፊኛው ሲነፋ የልብ ምትና የደም ግፊት በድንገት ሊወርዱ ስለሚችሉ የልብ ምትን የሚያፋጥነው መድኃኒት አትሮፒን በእጅ መኖር አለበት። ማጣሪያው ከያዘው ፍርፋሪ ጋር መጨረሻ ላይ ይወጣል።

ከዚያ በኋላ ዋናው ሥራ የደም ግፊትን መቆጣጠር ነው። በቀጣዮቹ ቀናትና ሳምንታት ስቴንቱ በገባበት ወገን ብርቱ ራስ ምታት ወይም እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንቀጥቀጥ ከመጣ አንጎል የደም ጎርፍ በዝቶበት ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ክሎፒዶግሬል ቢያንስ ለ4 ሳምንት፣ አስፕሪን በአብዛኛው ዕድሜ ልክ ይወሰዳል። ዳግም መጥበብ በአልትራሳውንድ ይፈተሻል።