ሞላ፣ ፒንና ቀዳዳ፦ ክፍተታቸው እንዴት ይመረጣል?

አዲስ አበባ ላይ ማሽን የሚሠራ ሰው ሞላ ፍለጋ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ሲወርድ ብዙ ጊዜ የሚገዛው ያሰበውን ሳይሆን ያገኘውን ነው። ስለዚህ ሞላውን በእጅዎ ሳይዙ የሚገባበትን ቀዳዳ አያስበሱ። ቀዳዳው ቶርኖ ቤት በፈለጉት ልክ ይወጣል፤ የሞላውን ልክ ግን ማንም አይቀይርልዎትም።

መጀመሪያ በካሊፐር (በመንጋጋዎቹ ይዞ ስፋት በሚለካ መሣሪያ) የሽቦውን ውፍረት፣ የሞላውን የውጭና የውስጥ ስፋት ይለኩ። ያገለገለ ከሆነ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ይለኩትና ከውጭ ትልቁን፣ ከውስጥ ትንሹን ቁጥር ይያዙ።

ሞላ ሲጫን ማጠር ብቻ ሳይሆን ይሰፋልም። ሽቦው 1 ሚ.ሜ፣ ውጩ 10 ሚ.ሜ፣ ከጥምጥም ጥምጥም 4 ሚ.ሜ የሚራራቅ ሞላ ጥምጥሞቹ እስኪገጥሙ ሲጨመቅ በ0.08 ሚ.ሜ ያህል ይሰፋል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ሞላ ቀጥ ብሎ ስለማይወርድ በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ግድግዳውን እየፋቀ ጉልበቱን ይጨርሳል። ቀዳዳው ከ13 ሚ.ሜ ሲያንስ ከሞላው ስፋት 10 በመቶ፣ ሲበልጥ 5 በመቶ ክፍተት መስጠት የተለመደ ነው። ለዚህኛው ሞላ 11 ሚ.ሜ ቀዳዳ ይበቃል። በፒን (በመሃሉ በሚያልፍ ዘንግ) ላይ የሚሰካ ከሆነ ደግሞ ውስጡ 8 ሚ.ሜ ስለሆነ 7 ሚ.ሜ ፒን ይስጡት። ርዝመቱ ከአማካይ ስፋቱ 4 እጥፍ ካለፈ ሲጫን ሊጎብጥ ስለሚችል፣ ያለ ፒን ወይም ያለ ቀዳዳ አይተዉት።

ቁመቱንም አይርሱ። ይህ ሞላ 30 ሚ.ሜ ርዝመትና 9 ጥምጥም ካለው፣ ጫፎቹም የተሞረዱ ከሆኑ፣ 9 ሚ.ሜ ላይ ጥምጥሞቹ ገጥመው ድርቅ ይላል። 12 ሚ.ሜ ላይ የሚያቆመው ነገር ያብጁለት።

ፒኑ ራሱ የሚሰካበት ቀዳዳ ሂሳቡ ሌላ ነው፤ እዚህ የሚቆጠረው የሚሊ ሜትር መቶኛ ነው። ለሚንሸራተት 7 ሚ.ሜ ፒን ቀዳዳው ከ7.000 እስከ 7.015፣ ፒኑ ከ6.986 እስከ 6.995 ይሁን። ተመትቶ እንዲቀር ከፈለጉ ቀዳዳው እንዳለ ሆኖ ፒኑን ከ7.015 እስከ 7.024 ያድርጉት። ትራፓኖ ብቻውን ይህን ልክ አያወጣም፤ በ6.8 ይበሳና በ7 ሪመር (የተበሳን ቀዳዳ በትክክለኛ ልክ በሚጨርስ መቁረጫ) ይጨረስ። ፒኑም በማይክሮሜትር (ከካሊፐር ይበልጥ ረቂቅ ልክ በሚያነብ መለኪያ) እንጂ በካሊፐር አይፈተሽ።

ሥዕሉን ለቶርኖ ባለሙያው ሲሰጡ «7» ብለው አይተዉት፤ ትንሹንና ትልቁን ልክ ሁለቱንም ይጻፉለት።